ከሻምበል የተወሰደ ደም

ይህን የምጽፈው ቆቦ ውስጥ ስሜ በተነሳ ቁጥር ነገሩን ገልብጠው የሚያወሩት ሰዎች ስለበዙ ነው። አንዳንዱ «የውሻ ደም ጠጣች» ይላል፤ አንዳንዱ «ለውሻ ሰገደች» ይላል። አልጠጣሁም። አልሰገድኩምም፣ ማለቴ ሙሉ በሙሉ አልሰገድኩም። ሰው አጣምሞ ከሚያወራው እኔው ቀጥ አድርጌ ባወራው ይሻላል። ቀጥ ሲል ደግሞ እኔን አያስመሰግነኝም፤ ይሁን።

ያኔ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደሴ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የፈተናውን ውጤት ልጠብቅ ቆቦ ተመልሻለሁ። መጠበቅ ደግሞ አልችልም። እግሬ አያርፍም፤ አፌም አያርፍም። እናቴ «ይቺን ልጅ ፊደል ትቆጥር ብለን ብንልካት ነገር ቆጥራ መጣች» ትል ነበር። የሰፈሩን ሰው ሁሉ አርማለሁ፦ ውሃ አፍሉ፣ ዝንብ አባርሩ፣ እጅ ታጠቡ። ሥልጣኔ ማለት ከደሴ በአውቶቡስ ተጭኖ የሚመጣ ነገር ይመስለኝ ነበር። እናም ጭኜ መጣሁ።

የጫንኩት ቡችላ ነው። አክስቴ የተከራየችበት ቤት ባለቤት የሰጡኝ፣ ነጭ፣ ጸጉሩ ዓይኑን የሸፈነ፣ ጆሊ የሚባል። ዘንቢል ውስጥ አድርጌ በደሴ አውቶቡስ ሳመጣው መንገዱን ሙሉ ያስነጥሳል። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ እኔ መስያቸው «ይማርሽ» ሲሉኝ ቆዩ። በኋላ ዘንቢሉ ሲያስነጥስ አዩና ወልድያ ላይ ወንበር ቀየሩ።

ጆሊ ቆቦን ያየው አምስት ቀን ብቻ ነው። ዓይኑ ዓይናር ሞላው፣ አፍንጫው ደረቀ፣ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ከበለሱ አጥር ሥር ቀበርኩት። ለሰው ግን «ጅብ በላብኝ» አልኩ። የደሴ ውሻ በሽተኛ ነበር ከማለት ጅብ በላው ማለት ክብር ያለው መሰለኝ።

ከዚያ በሁለት ሳምንቱ የሰፈሩ ውሾች አንድ በአንድ መውደቅ ጀመሩ። መጀመሪያ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነቡ ሁለት ውሾች ታመሙ፤ ቡሬ የምትባለዋ ሞተች፣ ሻምበል የሚባለው ግን ከሳምንታት በኋላ አጥንቱ ወጥቶ ተነሳ። ከዚያ ማዶ፣ ከዚያ ወንዝ ዳር። ሰዉ «ምች ነው»፣ «ዓይን ነው» ይላል። እኔ የበለሱን አጥር አያለሁ፤ ዝም እላለሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ሰሞን ዝም ብዬ አላውቅም፤ እናቴ እንዲያውም አድጋለች ብላ ስለት አስገብታለች።

በመጨረሻ መከታ ታመመ።

መከታ የአባቴ ውሻ ነው። አባቴ ማሽላውን አምኖ የሚሰጠው ለሁለት ብቻ ነው፦ ለእግዚአብሔርና ለመከታ፤ ቅደም ተከተሉን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ማሽላው እሸት በሆነ ቁጥር ቀን ዝንጀሮ፣ ሲመሽ ከርከሮ ይገባል። ያለ መከታ አባቴ አንድ ሰው ነው፤ ከመከታ ጋር ግን ጦር ነው። ጆሊ በመጣ ጊዜ መከታ እርሻው ላይ ስለነበር አልተገናኙም። አባቴ ለእህል ጉዳይ ወደ ቤት ይዞት መጣና ሰፈሩ ውስጥ ሦስት ቀን ዋለ። በቃው።

አባቴ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጦ ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ይጠርግለት ነበር። አባቴ ለእኔ እንኳ ንፍጤን ጠርጎልኝ አያውቅም። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ጆሮውን በጋለ ብረት እንተኩሰው አለ። አንዷ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ አፍንጫው ውስጥ ልትጨምር መጣች።

«ፌጦ ለሁሉም ነው» አለች።

«እስቲ መጀመሪያ አንቺ አፍንጫሽ ውስጥ ጨምሪው» አልኳት።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለዚህ የሚሆን ነገር የለውም?» አለ። ንግግሩ ስድብ አልነበረም። ልመና ነበር። ያ ባሰብኝ።

በማግስቱ ማለዳ ጎረቤት ከተማ ሮቢት ሄድኩ። ለደስታ በሽታ ከብት የሚከትቡ ሐኪም ከመንግሥት መጥተዋል ሲባል ሰምቼ ነበር። ደስታ ከብት የሚፈጅ በሽታ ነው፤ ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም። ሐኪሙ ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ፣ ነጭ ካፖርታቸው ነጭነቱን ከተወ ዘመን ያለፈው ሰው ነበሩ። በሬዎች በግንድ አጥር መሀል ተሰልፈው ይገፋሉ፣ አቧራው ሰማይ ደርሷል።

«ውሻ ታሞብኝ ነው» አልኳቸው።

«እኔ የከብት ነኝ።»

«ውሻ ከብት አይደለም?»

«መንግሥት እስካሁን አላለም» አሉና አንዱን ወይፈን ወጉት።

አልሄድኩም። ስም የሚመዘግብላቸው ሰው ጠፍቶ በሬውንም መዝገቡንም ብቻቸውን እንደያዙ አየሁ፤ እርሳሱን ከጆሮአቸው ላይ ወስጄ መጻፍ ጀመርኩ። አርባ በሬ ስመዘግብ አልተናገሩም። ከዚያ «ምን ያደርገዋል ውሻሽን?» አሉ።

ነገርኳቸው። ካፖርታቸውን አራገፉ። «ይህ እዚህ አገር እንዲህ በአንዴ አይነሳም። በቅርብ ከሌላ ከተማ የመጣ ውሻ አለ?»

«የለም» አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት።

«መድኃኒት የለውም። በዓይን የማይታይ ቫይረስ የሚሉት ነው። እሱን የሚገድለው የውሻው የራሱ ሰውነት እንጂ መርፌ አይደለም። እኛ የምንችለው ሰውነቱን ማገዝ ነው።»

«በምን?»

«ታሞ የዳነ ውሻ ታውቂያለሽ?»

«አንድ አለ።»

«የዳነ ውሻ ደሙ ጠላቱን ያውቀዋል፤ ተዋግቶታል። ያ ደም ተቀድቶ ሲረጋ ከላዩ ቢጫ ውሃ ይቀራል። ጉልበቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እሱን ለታመመው ብንወጋው ለጥቂት ቀን ደቦ ጠራን ማለት ነው። ግን ደቦ የሚጠራው ማሽላው ሳይረግፍ ነው። ከዘገየ ከንቱ ነው።»

«ያድናል?»

«አንዳንዴ።»

«አንዳንዴ ማለት?»

«አንዳንዴ ማለት አንዳንዴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ አላልሽም?»

ሰውዬውን ወደድኳቸው።

ችግሩ የዳነው ውሻ ሻምበል መሆኑ ነው። እትዬ ዘነቡ ባላቸው አሥር አለቃ ሆነው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ውሻውን ሻምበል ያሉት «ባሌ ያላገኘውን ማዕረግ እንኳ ውሻዬ ያግኝ» ብለው ነው። ከእናቴ ጋር በአንዲት ዶሮ የተነሳ ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። እናም ደግሞ ቡሬን የገደለቻት የኔ ዘንቢል ናት። አጥር ተሻግሬ ዓይናቸውን አይቼ «ደም ስጡኝ» ልበላቸው? አልደፈርኩም። ደፋር ናት የምትባል ልጅ፣ ለመዋሸት እንጂ ለመለመን ድፍረት አልነበራትም።

ስለዚህ የገበያ ቀን ጠበቅሁ፤ በማግስቱ ነበር። እትዬ ዘነቡ ቅቤያቸውን ይዘው እንደወጡ ሐኪሙን አጥር አሻገርኳቸው።

«ባለቤቱ ፈቅደዋል?» አሉ።

«ፈቅደዋል። ገበያ ስላለባቸው ነው።»

ሻምበል ጥጃ የሚያክል ውሻ ነው፤ ግን የበግ አጥንት ፊት ማዕረጉን ይረሳል። ራሱን አቅፌ ያዝኩት። ሐኪሙ የፊት እግሩን ጸጉር በምላጭ ላጩ፣ መርፌውን ሰደዱ፣ ደሙ በቀጭን ጎማ ወደ ጠርሙሱ ወረደ። ሻምበል አጥንቱን በጥርሱ እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። ልክ እንደሚያውቅ። ሲያልቅ እግሩን በነጭ ፋሻ ጠቀለሉለት። ጥቂት ጠብታ የቤቱ ደፍ ላይ ቀርታ ነበር፤ አላጠብኳትም። ቸኩዬ ነበር።

ጠርሙሱን እኛ ቤት፣ ውሃ ጋኑ ጥግ አሳደርነው። ጠዋት ደሙ ከታች ረግቶ፣ ከላይ እንደ ብርዝ ያለ ቢጫ ውሃ ቆሟል። ሐኪሙ በመርፌ ቀድተው ግማሹን የመከታ ትከሻ ቆዳ ሥር ወጉት። ግማሹን በሌላ ጠርሙስ አድርገው ዘጉ። «ይህ የሚወጋው ከነገ ወዲያ ነው። አንዱ ብቻውን አይበቃም። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለሽ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪው። ጨው ውሃ አፍልተሽ፣ አብርደሽ ዓይኑን እጠቢ፣ የአጥንት መረቅ በማንኪያ ስጪው፣ ፌጦ የሚባል ነገር እንዳላይ።» ይህን ብለው ለሥራቸው ዋጃ ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሊመለሱ።

ያን ቀን መከታ ጅራቱን አንድ ጊዜ አነቃነቀ። አባቴ ለመንደሩ ሁሉ ነገረ፤ አንድ ጊዜ መሆኑን ሳይሸሽግ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጆንያውን ላረጥብ ብሄድ ጆንያው ባዶ ነው።

«እማዬ፣ እዚህ የነበረ ጠርሙስ?»

እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አንቺም አየሽው?» አለች። «አትንኪው ብዬ ልነግርሽ ነበር። ከጋኑ ጀርባ፣ በእርጥብ ጆንያ ተከፍኖ፣ ቢጫ ውሃ ነው፤ ከታቹ ትንሽ ደም ዘቅጦበታል። ያቺ ዘነቡ ናት። ዶሮዋን እስከዛሬ አልረሳችም።»

«ምን አደረግሽው?»

«መንታ መንገድ ላይ ደፍቼ ጠርሙሱን ሰበርኩት። በግራ እጄ ነው የደፋሁት፤ አብሽሪ።»

ቁጭ አልኩ። የመከታ ሁለተኛ ደቦ መንታ መንገድ ላይ ፈስሷል። ለእናቴ መተት ሳይሆን መድኃኒት መሆኑን ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና «ታዲያ መድኃኒት ከሆነ ለምን ደበቅሽው?» አለች። እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ነው ይህን የጠየቀችው።

ከዚያው ሰዓት ሳይርቅ የሽማግሌዎች መልእክተኛ ደጃችን ቆመ። «እትዬ ዘነቡ ደጄ ላይ ደም ፈሷል ብለው ከሰዋል። ልጅህ አጥራቸውን ስትሻገር ሰው አይቷል። ነገ ማለዳ ከነልጅህ ገበያው ዳር ና ተብለሃል» አለው አባቴን።

በኛ አገር ደም የሚል ቃል ሲነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጠመንጃው የተሰቀለበትን ግድግዳ ነው። አባቴም አየው።

«የማን ደም?»

«የሻምበል» አልኩ።

«የትኛው ሻምበል?»

«ውሻው።»

አባቴ ቁጭ አለ። መከታን አየ፣ ከዚያ እኔን። «መከታ ላይ የተወጋው እሱ ነው?» አለ። አዎ አልኩት። «እና ሌላ ያስፈልጋል?» አዎ። «እና የሚገኘው ከሷ ነው?» አዎ። «ወይ ልጄ» አለ።

በማግስቱ ገበያው ዳር ካለው ግራር ሥር ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሸህ እንድሪስ የሰፈሩ ደም አድራቂ ናቸው፤ ስንት ቤት ከስንት ቤት ያስታረቁ፣ ተቆጥተው የማያውቁ። ከጎናቸው ባላምባራስ ሞላ፣ ተቆጥተው የማያቆሙ። ሐኪሙ ከዋጃ ደርሰው ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጆሮዬ ሥር «ደሙ እስከ ቀትር ካልተቀዳ ለማታ አይረጋም። እኔ ነገ በጠዋት አላማጣ መሄድ አለብኝ» ብለውኛል። መከታ ማለዳ መረቁን አልዋጠም ነበር። የግራሩን ጥላ ርዝመት ብቻ ነበር የማየው።

እትዬ ዘነቡ ሻምበልን በገመድ ይዘው መጡ። ፋሻው እግሩ ላይ አለ፤ እንደ ቆሰለ የጦር ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው።

«ባል የለኝ፣ ወንድም የለኝ» አሉ። «ያለኝ እሱ ነው። ገበያ ውዬ ብመለስ እጁ ተጠምጥሞ፣ ደፌ ላይ ደም ጠብ ብሎ አገኘሁ። የቤቴ ጠባቂ ደም ደጄ ላይ ሲፈስ የማን ደም ነው? የኔ ነው። ይፈረድልኝ።»

«ሞቷል?» አሉ ባላምባራስ።

«አልሞተም።»

«ይበላል?»

«ይበላል።»

«እኔ ከሳሹ ራሱ ጅራቱን እየቆላ የቀረበበት የደም ነገር አይቼ አላውቅም።»

ሸህ እንድሪስ ወደ ሐኪሙ ዞሩ። «ምን ያህል ነው የተወሰደው?» ሐኪሙ በጣታቸው ጠርሙስ ላይ አሳዩ።

«ይህማ የዋግምት ያህል ነው» አሉ ባላምባራስ።

«ዋግምት ለባለቤቱ ጤና ነው» አሉ ሸህ እንድሪስ። «ይህ ለሌላ ጤና ነው። አይመሳሰልም።» ይህን ለመለየት ብቻ ጥላው አንድ ክንድ አጠረ። ከዚያ ከዚህ በፊት የከብት ደም ክስ ቀርቦ ያውቃል ወይ ተባለ። አንዲት የጎብዬ ከተማ ግመል ትዝ አለቻቸው። የግመሏ ታሪክ ረጅም ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግመሏ ቀይ ነበረች፣ አይ ነጭ ነበረች ላይ ቆሙ።

«ግመሏ ሞታለች» አልኩ። «መከታ ግን እየሞተ ነው።»

«ዝም በይ» አለኝ አባቴ። ባላምባራስ «የምታፋጥነን ተከሳሿ ናት?» አሉ።

ይኸኔ እትዬ ዘነቡ እጃቸውን ዘረጉ። «ሌላም አለኝ። ቡሬን የገደለብኝን በሽታ ያመጣው ያ ነው» አሉ። ያመለከቱት ጨው ጭኖ ከበረሃ የሚመጣ ነጋዴ ነው፤ ከገበያው ውሃ ጉድጓድ ግመሎቹን ያጠጣል። ጠሩት።

«ውሻ የለኝም» አለ። «ያለኝ ግመል ነው።»

«ባለፈው ወር ውሻ ተከትሎህ ነበር፤ ሰው አይቷል።»

«የናንተው ውሻ ነው የተከተለኝ። ሥጋ ነበረኝ።»

ሰው ሳቀ፤ ግን ማንም አላመነውም። ከሩቅ የመጣ እሱ ብቻ ነበርና። ባላምባራስ «ሁለተኛ ገበያችን አይግባ፣ ከጉድጓዱም አይቅዳ» አሉ። ሰዉ ሁሉ «ተገቢ ነው» አለ። ሰውዬው ግመሎቹን አየ። ገና አንደኛዋ ብቻ ነበር የጠጣችው።

ዝም ብል ያልፋል። እንዲያውም ይቀለኛል፦ እትዬ ዘነቡ ቂማቸው ወደ እሱ ዞሯል፤ ለእኔ ደሙን ሊፈቅዱልኝ ይችላሉ። ይህን በግልጽ አስቤዋለሁ፤ አላሰብኩም ብል ሌላ ውሸት ነው። እውነቱን ብናገር ግን ቡሬን የገደለች ልጅ ሻምበልን አምጡልኝ ስትል ማን ይሰጣታል? አንደበቴ ከሒሳቤ ቀደመ።

«ጆሊ ነው» አልኩ።

«ማን?»

«ጆሊ። ከደሴ ያመጣሁት ቡችላ። አውቶቡስ ላይ ሲያስነጥስ ነበር። እሱ ነው በሽታውን ያመጣው፤ ማለት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሮቢት ላይ ጠይቄሽ ነበር።»

«ዋሽቼ ነበር።»

«ባለቤቱ ፈቅደዋል ያልሽኝስ?»

«እሱንም።»

እናቴ ከሴቶቹ መሀል «ጅብ በላው ያልሽውስ?» አለች።

«እሱንም። በለሱ ሥር ነው።»

ባላምባራስ ወደ ሸሁ ዞሩ። «ይቺ ልጅ መቼ ነው እውነት የተናገረችው?»

«አሁን» አሉ ሸህ እንድሪስ። «አሁን ስለሆነ እንስማት። አንተ፣ ግመሎችህን አጠጣ።»

«የፈለጋችሁትን ፍረዱብኝ» አልኩ። «ግን ከቀትር በፊት ፍረዱ። ደሙ አሁን ካልተቀዳ መከታ ነገን አያይም። እሱ አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

አባቴ መሬት መሬት ያያል። እትዬ ዘነቡ ገመዱን በእጃቸው ሁለት ጊዜ ጠቀለሉት።

«አጥሩ ላይ ነበሩ» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። «ያ ነጩ ቡችላና ቡሬ። አፍንጫ ለአፍንጫ። እኔ ቡሬዬ ወዳጅ አገኘች ብዬ ጉርሻ ወርውሬላቸዋለሁ።»

ይህን ሲሉ ብሰደብ በወደድኩ። አልሰደቡኝም።

ሸህ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደም ካለ ይቅርታ አለ። ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ።»

በኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ሥር ይጎነበሳል። ይህ ያለ ነው። «ማንን ነው የምትጠይቀው?» አሉ ባላምባራስ።

«ዘነቡን።»

«የዘነቡ ደም አልፈሰሰም።»

«የፈሰሰው የማን ነው?»

«የሻምበል።»

ሸህ እንድሪስ ጢማቸውን ዳሰሱ። በሥርዓት ሄደው ሄደው እዚያ መድረሳቸውን እሳቸውም ያዩት ያኔ መሰለኝ። ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው። «እንግዲያ ሻምበልን» አሉ።

ድንጋዩን የመረጠው አባቴ ነው። ሦስት ደህና ደህና ድንጋዮች አልፎ አራተኛውን አነሳ። ማጅራቴ ላይ ራሱ አስቀመጠው። ከብዶት ነበር።

ሻምበል ፊት ተንበረከክሁ። «ማረኝ» አልኩት።

«አንተ አትበይው» አሉ እትዬ ዘነቡ። «ማዕረግ አለው።»

«ይማሩኝ፣ ሻምበል» አልኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ።

ሻምበል ድንጋዩን አሸተተ፣ ጆሮዬን አሸተተ፣ በዙሪያዬ አንድ ጊዜ ዞረና እግሩን አነሳ። ፋሻ ያለበትን ሳይሆን የኋላውን። ድንጋዩ ላይ፤ ከድንጋዩም እኔ ላይ። ሸህ እንድሪስ ጋቢያቸውን ሰብስበው አንድ እርምጃ ሸሹ።

«ተቀብሏል» አሉ ባላምባራስ። ከዚያ ግራሩ ሥር የነበረ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ፤ የጨው ነጋዴው ጭምር። እትዬ ዘነቡ ብቻ ናቸው ያልሳቁት፤ መቀመጫቸውን ጥለው መጡና ድንጋዩን ከማጅራቴ አወረዱልኝ።

«ስሚ» አሉኝ። «አጥር ተሻግረሽ ብትጠይቂኝ ያኔውኑ እሰጥሽ ነበር። አሁን ግን ለመከታ ብቻ ከሆነ አልሰጥም። በሰፈሩ የታመመ ሁሉ ይምጣ። ቡሬ አንዴ ሞታለች፤ ሌላ ሰው ቡሬ አይሙትበት።»

«አንድ ውሻ ለሁሉም አይበቃም» አሉ ሐኪሙ።

«ለበቃው ይብቃ» አሉና የሻምበልን ራስ ራሳቸው አቅፈው ያዙ። «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ያሠለጥኑናል እንጂ አይገድሉንም» እያሉት ደሙ ወረደ። ጥላው እግራችን ሥር ገብቶ ነበር።

ማታ ላይ ቢጫው ውሃ ቆመ። መከታ ሁለተኛውን ወሰደ፤ ሌሎች ስድስት ውሾችም በየድርሻቸው። እናቴ ጠርሙሱን ቆማ ጠበቀችው። ማንም በአጠገቡ አያልፍም ነበር።

ሁለት ቀን መከታ አልተነሳም። አባቴና እኔ ተራ በተራ ማንኪያ እንቀባበላለን። በሦስተኛው ማለዳ መረቁን ዋጠ። በአምስተኛው ቀን ለመቆም ሞክሮ ወደቀና፣ መውደቁን ያየው ሰው መኖሩን ለማረጋገጥ ዞር ዞር አለ። ያኔ እንደሚድን አወቅሁ፤ የሚሞት አያፍርም።

ከስድስቱ ሁለቱ ሞቱ። የአንዱ ባለቤት እስከዛሬ ሰላምታ አይሰጠኝም፤ ልክ ነው። ሐኪሙንም «መከታን ያዳነው ደሙ ነው?» ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። «ራሱም ሊድን ይችል ነበር። ምናልባት ደቦው አግዞታል። ምናልባት መረቁ። አንዳንዴ ብዬሻለሁ» አሉ። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ጋር መሥራት ፈለግሁ። ውጤቴ መጣ፤ ያልኩትን ያህል አልነበረም። ሐኪሙ መዝገብ የሚይዝ ሰው ቸግሯቸዋል፤ አባቴ ሴት ልጅ ከበሬ ኋላ አትዞርም ሲል ሸህ እንድሪስ «ያመጣችውን ያህል በሽታ እስክታጠፋ ትዙር» ብለው አስፈቀዱልኝ። መጀመሪያ መዝገብ፣ ከዚያ መርፌ፣ ከዚያ የእንስሳት ጤና ትምህርት ቤት። በሥራው ይኸው ሦስት ዓመቴ።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ምክር ስሰጥ አያምርብኝም፤ ግን ሁለት ነገር ልበላችሁ። ከሌላ አገር ውሻ ካመጣችሁ ከሌላው ለይታችሁ ጥቂት ሳምንት አቆዩት፤ ሲያስነጥስ ካያችሁ ደግሞ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉ። ሁለተኛው፦ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በግልጽ የምናገር ሰው ነኝ ብዬ ሰው ሳስቀይም የኖርኩ ነኝ። በሰው ነገር ግልጽ መሆን ቀላል መሆኑን፣ በራስ ነገር ግን ድንጋይ መሆኑን ያወቅሁት ግራሩ ሥር ነው። እትዬ ዘነቡ «ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር» ያሉኝን እስካሁን በየመንደሩ እሰማዋለሁ። አሁን የማንም ደጅ ሳልጠይቅ መርፌ አላወጣም።

እሳቸውማ ከእናቴ ጋር ታርቀዋል። የሻምበል ደም ያለበት ቤት ሁሉ ዘመዴ ነው ብለው፣ ውሻው የዳነበት ቤት ሁሉ ድግስ ሲኖር ሳይጠሩ ይገባሉ። ከሌማቱም ለሻምበል ድርሻውን ጠይቀው ይወስዳሉ። የሚከለክል የለም።

መከታ ዳነ፤ በሽታው ግን አንድ ነገር ትቶበት ሄዷል። ነርቩን ነክቶት ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቃል፤ ቀኑን ሙሉ፣ ሲበላም ሲተኛም። ዝንጀሮዎቹ መጀመሪያ «ግቡ» የሚላቸው መስሏቸው ገብተው ነበር፤ አንዴ ብቻ።

ለትምህርት ቤቱ ልሄድ የተነሳሁ ለታ አባቴ ዕቃዬን አውቶቡሱ ጋ አደረሰልኝ፤ መከታም ተከትሎናል። ስለ ጆሊ ከግራሩ ሥር ወዲህ አንድም ቃል አልተነጋገርንም ነበር።

«አባባ፣ ይቅር ብለኸኛል?» አልኩት።

አባቴ ዕቃዬን መሬት አወረደ። «ያሳመምሽው አንቺ ነሽ፣ ያሻልሽውም አንቺ ነሽ። እኔ መሀል ላይ ምን አገባኝ» አለ። «እሱን ጠይቂው።»

ዝቅ ብዬ መከታን ጠየቅሁት።

ራሱን ነቀነቀልኝ። ለሁሉም ሰው እንደሚነቀንቅ አውቃለሁ። ተቀበልኩት።